«50 በመቶ» ማለት ግማሽ ሕክምና ማለት ነውን?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ከጎጃም የተላኩልን አምስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩ የራስ ቅል ሳይከፈት የአንጎል ዕጢን በተነጣጠረ ጨረር የሚያክመው፣ ባለሙያዎች ራዲዮሰርጀሪ የሚሉት ሕክምና ነው፤ በተለይም ሕሙማኑ ማሽኑ ላይ ከመተኛታቸው በፊት በኮምፒዩተር የሚዘጋጅላቸው የሕክምና ዕቅድ ነው። የዓምዱ አዘጋጅ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ስለ ዕቅዱ በስፋት፣ ስለ መድኃኒቱ ግን በቁጥብነት እጽፋለሁ። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። እታለም የምንላት ታላቅ እኅታችን ከሦስት ዓመት በፊት በጡት ካንሰር ታክማ ነበር። ዘንድሮ በሽታው ወደ አንጎሏ መዛመቱ ስለተነገረን ቤተሰቡ ተባብሮ ሕንድ ሀገር ልኮ አሳከማት። ይዛው በተመለሰችው ወረቀት ላይ የአንጎሏ ሥዕል በቢጫ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መስመሮች ተከቦ ይታያል። ከሥሩ ሁለት ዕጢዎች ተጽፈዋል፤ አንደኛው 2.6 ሴንቲሜትር ሲሆን 18 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ሁለተኛው 1.2 ሴንቲሜትር ሲሆን 24 ግሬይ ይላል። ለትልቁ ያነሰ፣ ለትንሹ የበዛ መሰጠቱ ተሳስተው ይሆን ብዬ ሰግቻለሁ። ይባስ ብሎ በሁለቱም አጠገብ «50%» የሚል አለ። ግማሹን ብቻ ሰጥተው ነውን የሸኟት? ለእርስዋ እስካሁን ምንም አልነገርኳትም።

መልስ፦ አልተሳሳቱም፤ ግማሽም አልሰጧትም። ይህን ለጂኦግራፊ መምህር ማስረዳት ለሌላ ሰው ከማስረዳት ይቀላል፤ በወረቀቱ ላይ የሚያዩዋቸው ባለ ቀለም መስመሮች እርስዎ ለተማሪዎችዎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከሚሥሏቸው የከፍታ መስመሮች የተለየ ጠባይ የላቸውምና። በካርታ ላይ አንድ የከፍታ መስመር ከባሕር ወለል እኩል ከፍ ያሉ ቦታዎችን እንደሚያያይዝ ሁሉ፣ በዕቅዱም ላይ አንድ መስመር እኩል የጨረር መጠን የሚያገኙ ነጥቦችን ያያይዛል። የተራራው ጫፍ፣ ማለትም ከፍተኛው መጠን የሚያርፍበት ነጥብ፣ 100 በመቶ ይባላል። 50 በመቶ የሚለው መስመር እንግዲህ የጫፉን ግማሽ የሚያገኙትን ነጥቦች እየነካ የሚዞር ቀለበት ነው።

ሐኪሞቹ ያደረጉት ያንን ቀለበት በዕጢው ጠርዝ ላይ ልክክ አድርጎ ማሳረፍ ነው። የታዘዘው 18 ግሬይ የጠርዙ መጠን ነው፤ ከጠርዙ ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር መጠኑ እየጨመረ ሄዶ ጫፉ ላይ 36 ግሬይ ይደርሳል። በትንሹም ዕጢ እንዲሁ ጠርዙ 24፣ ጫፉ 48 ነው። መቶኛው የሚናገረው ምን ያህል ሕክምና እንደተሰጠ ሳይሆን ዕጢው በተራራው ስንተኛ ከፍታ ላይ እንደተከበበ ነው።

90 በመቶው መስመር ጠርዙ ላይ ቢያርፍ አይሻልም ነበር ወይ ይሉ ይሆናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ምክንያቱን በእግሩ ያውቀዋል። ከከተማው ጥቂት እንደተወጣ ሜዳው ያልቅና ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ አየሩም፣ ዛፉም፣ ሙቀቱም በአጭር ርቀት ይለወጣል። ዕቅድ የሚሠራ ባለሙያ የሚመኘው ይህንኑ ነው፦ ዕጢው በሙሉ ደጋው ላይ እንዲቀር፣ ጤናማው አንጎል በረሃው ውስጥ እንዲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ቁልቁለትም በተቻለ መጠን ገደል እንዲሆን። ጋማ ናይፍ በሚባለው ማሽን ቁልቁለቱ እጅግ የሚበረታው ከጫፉ ግማሽ አካባቢ ስለሆነ የዕጢው ጠርዝ ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ላይ ይቀመጣል። ሊኒያር አክስለሬተር በሚባለው ማሽን የሚሠሩ ሆስፒታሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 በመቶ ያለውን መስመር ይመርጣሉ። የጎረቤትዎ ወረቀት 80 በመቶ ቢል ጎረቤትዎ የተሻለ ታክመዋል ማለት አይደለም።

ወደ 18 እና 24 እንምጣ። 1.2 ሴንቲሜትር የሆነውን ዕጢ ድቡልቡል ነው ብለን ብናስብ ይዘቱ 0.9 ሚሊሊትር ያህል ነው። 2.6 ሴንቲሜትር የሆነው ግን 9.2 ሚሊሊትር ይይዛል። ስፋቱ በእጥፍ ከጥቂት ቢበልጥ ይዘቱ 10 እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አሁን ዋናውን ነገር ይመልከቱ፤ ገደሉ ምንም ያህል ቢያዘቀዝቅ ከጠርዙ ውጭ ያለው የመጀመሪያው አንድ ሚሊሜትር ጤናማ አንጎል ከዕጢው ብዙም ያልራቀ መጠን መቀበሉ አይቀርም። ያ አንድ ሚሊሜትር ልባስ በትንሹ ዕጢ ዙሪያ ግማሽ ሚሊሊትር ገደማ ሲሆን በትልቁ ዙሪያ 2.3 ሚሊሊትር ነው። ስለዚህ ለሁለቱም 24 ግሬይ ቢሰጥ በትልቁ ዙሪያ የሚጎዳው ጤናማ ክፍል ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል።

ይህንን ሚዛን ለማግኘት በአሜሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ቀደም ሲል አንጎላቸው በጨረር ታክሞ በነበረ ሕሙማን ላይ መጠኑን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ሲመረምር፣ እስከ 2 ሴንቲሜትር ለሆነ ዕጢ 24 ግሬይ፣ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ለሆነ 18፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ለሆነ 15 ግሬይ የሚል ልክ ላይ ደርሷል። ሁሉም ሆስፒታል እንደ ሕግ ባይከተለውም እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል፤ የእኅትዎ ወረቀትም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በወረቀቱ ግርጌ «ቪ12» የሚል ቁጥር ካገኙ እርሱ 12 ግሬይና ከዚያ በላይ የተቀበለውን የአንጎል ክፍል በሚሊሊትር የሚናገር ነው። ይህ ቁጥር ወደ 10 ሲጠጋና ሲያልፍ በጨረር ምክንያት የአንጎል ሥጋ የመሞት አደጋ ስለሚጨምር እኛ ዕቅድ ስንገመግም መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፍበት ቁጥር ነው።

ወረቀቱን ከእኅትዎ ጋር አብራችሁ ተመልከቱት። ስለ ራሷ አንጎል የተሣለ ካርታ ነው፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያነብላትም አይገኝም።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የጨረሩን አቅጣጫና መጠን የሚያሰላው ኮምፒዩተሩ ከሆነ ሐኪሙና የፊዚክስ ባለሙያው ምን ይሠራሉ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት እዚህ ደረጃ ከደረሰ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለምን አይረከበውም?

መልስ፦ ሥራው ያለ ኮምፒዩተር ተጀምሮ ስለነበር ከዚያ ብንነሣ መልካም ነው። ራዲዮሰርጀሪ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ላርስ ሌክሴል የሚባል የስዊድን የነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው። የራስ ቅልን በብረት ፍሬም አጥብቆ በመያዝ በውስጡ ያለን ማንኛውንም ነጥብ በሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም በግራና ቀኝ፣ በፊትና ኋላ፣ በላይና ታች ልኬት ማመልከት ይቻላል የሚለው ሐሳብ የሥራው ሁሉ መሠረት ሆነ። በ1968 ስቶክሆልም ውስጥ ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ጋማ ናይፍ ጨረር የሚያመነጭ ኮባልት የሚባል ብረት የያዙ 179 ምንጮች ነበሩት፤ ዛሬ ያሉት 192 አላቸው። እያንዳንዱ ጨረር ለብቻው ደካማ ነው፤ ሁሉም የሚገናኙበት ነጥብ ግን ይቃጠላል። የቅዳሜ ገበያ የቆመበትን ሜዳ ይመልከቱ፤ ከየቀበሌው የሚመጡት የእግር መንገዶች ቀጫጭን ናቸው፣ በዳራቸው ሣር ይበቅላል፤ ገበያው መካከል ግን አንዲት ሣር አትገኝም።

በዚያ ዘመን ችግሩ ማነጣጠር ሳይሆን ማየት ነበር። ኤክስሬይ አጥንት እንጂ ለስላሳውን ዕጢ አያሳይም። ሲቲ ስካን በ1971 በሰው ላይ ሥራ ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ለዚህ ግኝት በ1979 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ አለን ኮርማክ ጆሃንስበርግ የተወለደና ስሌቱን ማሰላሰል የጀመረው ኬፕ ታውን በሚገኝ ሆስፒታል በትርፍ ሰዓት የፊዚክስ ሥራ ሲሠራ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ የሙያ ዘመዴ ነውና።

ዛሬ ኮምፒዩተሩ የሚሠራው ይህን ነው። በመጀመሪያ ሁለት ምስሎችን ያጣብቃል። ኤምአርአይ ዕጢውን አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን ምስሉ በማግኔቱ ጠባይ ምክንያት በተለይ ወደ ዳር ሲል ሊጣመም ይችላል። ሲቲ ስካን ዕጢውን ያን ያህል ባያጠራም ቦታን አይዋሽም። ሁለቱን አንዱን በአንዱ ላይ በማነባበር ምን እንደሆነ ከኤምአርአዩ፣ የት እንደሆነ ከሲቲው ይወሰዳል። ቀጥሎ አንጎሉ በደቃቃ ኩቦች ይከፈልና ለእያንዳንዷ ኩብ ከ192ቱ ጨረሮች የሚደርሳት ድርሻ ተደምሮ ይሰላል፤ ጨረሩ ከራስ ቅሉ ስንት ሴንቲሜትር ዘልቆ እንደመጣ፣ የወጣበት ቀዳዳ 4፣ 8 ወይስ 16 ሚሊሜትር እንደሆነ ይታሰባል። ቀኑም ሳይቀር ይታሰባል። ኮባልት በየወሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበቱን እያጣ በ5 ዓመት ከ3 ወር ግማሹን ስለሚጨርስ፣ ምንጩ አዲስ ሳለ 30 ደቂቃ የፈጀ ዕቅድ በዚያን ጊዜ 1 ሰዓት ይፈጃል። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ቀርቶ ማሰቡም ያደክማል። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ደግሞ ወደ ኋላም ይሄዳሉ፤ የምንፈልገውን የመጨረሻ ውጤት ስንነግራቸው ወደዚያ የሚያደርሰውን የጨረር አደራደር በሺህ የሚቆጠሩ አማራጮችን እያወዳደሩ ያቀርባሉ።

ሆኖም ኮምፒዩተሩ የሚፈልገውን ነገር ራሱ አይፈልግም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከእይታ ነርቭ ጋር የተጠጋ ደግ ዕጢ አለ እንበል፤ ደግ የምንለው ካንሰር ያልሆነውን ነው። ዕጢውን ለማቆም በጠርዙ 14 ግሬይ ይፈለጋል። የእይታ ነርቭ ግን በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ግሬይ ካለፈ ዓይንን የማጥፋት ስጋት አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት 2 ሚሊሜትር ነው። ፕሮግራሙ ነርቩን አድን ቢባል ከዕጢው አንድ ማዕዘን በመጠን ያጎድላል፤ ዕጢውን ሙሉ ሸፍን ቢባል ነርቩን ያስነካል። የሁለቱንም ዋጋ እስከ አንድ አሥረኛ ግሬይ ድረስ ይነግረናል። ታማሚዋ ልብስ ሰፊ ትሁን፣ ሌላኛው ዓይኗ አስቀድሞ የጠፋ ይሁን፣ መጠኑን ለአምስት ቀን ከፋፍሎ መስጠት ይሻል እንደሆነ የሚወያዩት ግን የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሕክምና ሐኪሙ፣ የፊዚክስ ባለሙያውና ታማሚዋ ናቸው።

ከዚህም በፊት የሚመጣ ውሳኔ አለ፤ እርሱም ዕጢው ከየት እስከ የት ነው የሚለው ነው። ሥራውን ስማር በደረሰብኝ ነገር ላስረዳ። ለታማሚው በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት ዕጢውን በኤምአርአይ ላይ ነጭ አድርጎ ያሳያል። መብራት ጠፍቶ ስክሪን ብቻ በሚያበራበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በየአንድ ሚሊሜትሩ ቅጠል፣ ማለትም በየስሱ የምስል ቁራጭ፣ ዳርቻውን በማውስ ስከብብ ከዕጢው ጎን እንደ ጭራ የወጣ ነጭ ነገር አገኘሁ፤ አብሬ ከበብኩት። ፕሮግራሙ ለከበብኩት ቅርጽ እጅግ ያማረ ዕቅድ ሠራልኝ፤ የመሸፈኛውም የቁልቁለቱም ውጤት ከወትሮው የተሻለ ነበርና ደስ ብሎኝ አስተማሪዬን ጠራኋት። ምስሉን በጎን አዙራ አንድ ጊዜ አየችና «ይህ የት ነው የሚያበቃው?» አለችኝ። ተከትዬው ስሄድ አላበቃም፤ ደም ሥር ነበር። ስሌቱ ላይ አንድም ስሕተት አልነበረም። ዳር ሠሪ ፕሮግራሞች ዛሬ ይህን ሥራ በጥሩ ሁኔታ ይጀምሩታል፣ ጊዜም ይቆጥባሉ፤ ሐኪሙ በየቅጠሉ ሳያይ ግን አይጸድቅም፤ ሊጸድቅም አይገባውም ባይ ነኝ።

ስሕተቱ ኮምፒዩተሩ ከሚያየው ዓለም ውጭ ሊሆንም ይችላል። በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2007 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ 145 ሕሙማን ከታዘዘላቸው በላይ ጨረር ተሰጥቷቸዋል። ምክንያቱ ማሽኑ ሲዘጋጅ ቀጫጭኖቹን ጨረሮች ለመለካት ጥቅም ላይ የዋለው መለኪያ ለእነርሱ የማይመጥን ትልቅ መሆኑ ነበር። ከጨረሩ የሰፋ መለኪያ ጨረሩ ያላረፈበትን ዳርም አብሮ ስለሚያማክል አሳንሶ ያነባል፤ ያነሰ መሰሏቸው ማሽኑ የበለጠ እንዲሰጥ ሆነ። በዚያ ዓመት በስክሪን ላይ የታዩት ዕቅዶች ሁሉ ትክክል ይመስሉ ነበር። ስለዚህ ነው በሊኒያር አክስለሬተር የምንሠራ ሰዎች ታማሚ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ሚሊሜትር የሆነች የብረት ድቡልቡል በታማሚው ቦታ አስቀምጠን ማሽኑን ከየአቅጣጫው እያዞርን ፎቶ የምናነሣት፤ ጥላዋ ከጨረሩ መካከል 1 ሚሊሜትር ከወጣ የዚያን ዕለት ሥራ የለም። ፍተሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ በቀመሩት በዊንስተንና በሉትዝ ስም ይጠራል።

ወንድሜ፣ መስኩ የሚስብዎ ከሆነ የሚያስፈልገው ፕሮግራም መጻፍ የሚችልና መለኪያ መያዝ የማይንቅ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው የምጽፈው። እናታችን በኩላሊቷ የተነሣው ካንሰር አንጎሏ ላይ ሦስት ቦታ ታይቷል። እዚሁ ሀገር ውስጥ የተነሣችውን ኤምአርአይ ውጭ ላለ ሆስፒታል ልከን ተቀብለዋታል። ነገር ግን ስትደርስ እንደገና ኤምአርአይም ሲቲም እንደሚያነሷት ነገሩን፤ ገንዘብ ለማብዛት መሰለን። እርስዋ ደግሞ ሳልሄድ ሁለት ሱባዔ ጸበል ልጠመቅ ትላለች። ጸጉሯንስ ይላጯታልን? ሹሩባ ተሠርታለች።

መልስ፦ በድጋሚ የሚነሣው ምስል ለሌላ ሥራ ነው። በሽታ ለመለየት የሚነሣ ኤምአርአይ አብዛኛውን ጊዜ አንጎሉን በ5 ሚሊሜትር ቅጠል እየቆረጠ ያሳያል፤ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ዕጢ በሁለት ቅጠል ላይ ብቻ ይታያል ማለት ነው፤ ከአምስት ሚሊሜትር ያነሰው ጭራሹን ሊያመልጥ ይችላል። የዕቅዱ ኤምአርአይ በ1 ሚሊሜትር ቅጠል ስለሚነሣ ያው ዕጢ አሥር ጊዜ ይታያል፤ ሦስት ናቸው የተባሉትም አራትና አምስት ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የተዛመተ ካንሰር በሳምንታት ውስጥ መጠኑን ሊለውጥ ይችላል፤ በዙሪያው ያለው እብጠት ሲጎድል ወይም ሲጨምርም ዕጢው ከነበረበት በሚሊሜትሮች ይንቀሳቀሳል። በወር የቆየ ምስል ላይ የተሠራ ዕቅድ ትናንት ከብቱ የነበረበትን ቦታ አጥሮ በረቱን እንደመዝጋት ነው። ስለዚህ ምስሉ ሕክምናው ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የብረት ፍሬም የሚጠቀሙ ሆስፒታሎችም በዚያው ዕለት ማለዳ ያነሡታል። ሲቲውን ደግሞ ፍሬሙ ወይም ጭምብሉ ተደርጎላት መነሣት ስላለባት ከዚህ ልኮ መቅረት አይቻልም። ሆኖም የድሮውን ምስል ይዛችሁ ሂዱ፤ ለማነጻጸር ይጠቅማል።

ስለ ጸበሉ፦ ቀጠሮው የሚፈቅድላት ከሆነ የምትጠመቅበት ጊዜ ከሕክምናው ጋር አይጋጭም፤ ቀጠሮውን ለመግፋት ግን ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትወስኑ። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ መድኃኒቷ ነው። ለአንጎል እብጠት የታዘዘላት ዴክሳሜታዞን ከሆነ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ የሚጥል በሽታ መከላከያ ካላትም እንዲሁ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ ስለ ጾሙ ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ወደ ጸበሉም ስትገባ ብቻዋን አትሁን።

ጸጉሯን አይላጯትም። ፍሬሙ በአራት ብሎን የሚያዘው ቆዳውን በመርፌ አደንዝዘው ሲሆን ጸጉር ማንሣት አያስፈልገውም። ጭምብል ከሆነ ግን ሹሩባው ጉዳይ አለው። ጭምብሉ በሙቅ ውኃ የለሰለሰ ወንፊት መሰል ፕላስቲክ ሲሆን ፊቷ ላይ ተለጥጦ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ጭንቅላቷ በእርሱ ልክ መግባት አለበት። ወፍራም ሹሩባ ላይ የተለካ ጭምብል ሹሩባው ሲፈታ ይሰፋል፤ በተፈታ ጸጉር የተለካው ደግሞ በሹሩባ ጊዜ ይጠባል። ሚሊሜትር የምንቆጥር ሰዎች ነንና ከመሄዷ በፊት ቀለል ባለ ሁኔታ ትሠራ፣ እስኪጠናቀቅም አትለውጠው። ቅቤ ሳትቀባ፣ ታጥባ፣ የብረት ማስያዣ ሳይኖርባት ትሂድ።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። ባለቤቴ በዚህ ጨረር ታክማ ተመለሰች። ትንንሽ ልጆች አሉን፤ ጨረሩ ከሰውነቷ እየወጣ ይጎዳቸው ይሆን? ጎረቤቶች አርቃችሁ አስተኙአት አሉን።

መልስ፦ አይጎዳቸውም። ጨረሩ ከውጭ መጥቶ ያለፈ ነው፤ ማሽኑ ሲዘጋ ያበቃል፣ በሰውነቷ ውስጥ የተቀመጠ ምንም ነገር የለም። ልጆቿን ትቀፍ፣ አብራቸው ትተኛ። ሐኪሟ የሚጥል በሽታ ሊነሣባት ይችላል ብለው ከነበረ ግን እስኪፈቀድላት ድረስ ብቻዋን ምጣድ ላይ አትቀመጥ፤ እኔን ከጨረሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው።

ጥያቄ፦ የቡሬ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 52 ነው። በግራ ጆሮዬ የመስማት ነርቭ አጠገብ ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ተገኝቶብኝ ከስምንት ወር በፊት ውጭ ሀገር 12.5 ግሬይ ተሰጥቶኛል። ባለፈው ወር የተነሣሁት ኤምአርአይ ዕጢው በ2 ሚሊሜትር እንዳደገና መሐሉ እንደጠቆረ ይናገራል። ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው? ቀዶ ጥገና ላስደርግ?

መልስ፦ በስምንት ወር ላይ ይህን ማለት አይቻልም። የዚህ ዓይነት ዕጢ በጨረር ከታከመ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ውስጥ ጊዜያዊ እብጠት ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ብዙዎቹም ኋላ ይመለሳሉ ወይም ባሉበት ይቆማሉ። መሐሉ መጥቆሩ ኮንትራስቱ እዚያ መግባት አቆመ ማለት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ዕጢው ለጨረሩ ምላሽ የሰጠበት ምልክት ነው። የሕክምናው ግብ እንዲጠፋ ሳይሆን እንዳያድግ ማድረግ ስለሆነም ውጤቱ የሚመዘነው በዓመታት ነው። ፊትዎ መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ወይም የሚያይል ራስ ምታት ከመጣ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ፤ እብጠቱ ጊዜያዊ ቢሆንም የአንጎል ግንድን ሊጫን ይችላልና።

እዚህ ላይ ዕቅዱ ሁለተኛ ሥራ ይጀምራል። 2 ሚሊሜትር ያህል ልዩነት አዲሱን ፊልም በአሮጌው ጎን ሰቅሎ በዓይን በመመልከት አይፈረድበትም፤ ታማሚው ጭንቅላቱን በጥቂቱ ዘንበል አድርጎ ቢተኛ ወይም ቅጠሎቹ በሌላ ማዕዘን ቢቆረጡ ብቻ የዚያን ያህል ልዩነት ሊታይ ይችላል። አዲሱ ኤምአርአይ በኮምፒዩተር በዕቅዱ ምስል ላይ ሲነባበር ግን አደገ የተባለው ጎን 12.5 ግሬይ ያገኘው ክፍል ራሱ ይሁን፣ ወይስ ከመስመሩ ውጭ የቀረ ጥግ፣ በግልጽ ይታያል። የመጀመሪያው ከሆነ መጠበቅ፣ ሁለተኛው ከሆነ መነጋገር ይገባል። ለመምህሩ እኅትም፣ ለሞጣዋ እናትም ወደፊት የሚጠቅም ነገር ነውና ለሁሉም እጽፈዋለሁ፤ በካንሰር ሕሙማን ላይ ተመልሶ ያደገን ዕጢ በጨረር ከሞተ የአንጎል ሥጋ መለየት ሐኪሞችን ከሚፈትኑ ጥያቄዎች አንዱ ሲሆን፣ መጠኑ የት እንዳረፈ ሳይታወቅ ደግሞ የባሰ ይከብዳል።

ለዚህ የታተመው ወረቀት አይበቃም። ካከመዎት ሆስፒታል የዕቅዱን ሙሉ ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም የዕቅዱን ኤምአርአይና ሲቲ፣ የተከበበውን የዕጢ ዳርቻ፣ የመጠን ስሌቱን፣ አራቱንም በዳይኮም ፎርማት ብለው ይጻፉ። ዳይኮም ማለት የአንዱን ሆስፒታል ምስል ሌላው ሆስፒታል መክፈት እንዲችል የተዘጋጀ የጋራ አሠራር ነው። ፎቶ ብቻ የያዘ ሲዲ ከላኩልዎ ይመልሱላቸው። ሲደርስዎ በሁለት ቅጂ ያኑሩት፤ አንዱን ቤትዎ፣ ሌላውን ከቡሬ ውጭ በሚኖር ዘመድዎ ዘንድ።